ከፒያሳ እስከ አማኑኤል ስምንት ወር

ከፒያሳ ታክሲ የተሳፈረ ሰው መርካቶ አካባቢ ወዳለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለመድረስ፣ መንገዱ ቢዘጋጋ እንኳ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። የአክስቴን ልጅ እዚያ ለማድረስ ግን ስምንት ወር ፈጅቶብናል።

መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎ የሞባይሉን ሲም ካርድ እያወጣ ስኳር ዕቃ ውስጥ መደበቅ ጀመረ፤ ለምን ሲባል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሰሙናል» ይላል። አክስቴ ነገሩን ሥራ የማጣት ብስጭት አድርገው ወሰዱት፤ እኔም፣ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል፣ ይህንኑ እየነገርሁ አጽናናኋቸው። ከዚያ እንጦጦ ማርያም ፀበል ገባ። በፀበሉ ማሳበብ አልሻም፤ ሐኪም ዘንድ እንድንወስደው አጥብቀው የመከሩን፣ የገዛ ልጃቸውን መድኃኒት እያስዋጡ የሚያስጠምቁ አንዲት እናት ናቸው።

ይበልጥ የተጉላላነው ከዚያ በኋላ፣ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነው። ካርድ ያወጣን ዕለት የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና የወሰደው ነርስ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል፤ ተረኛው ባለሙያ «ራስ ምታት» ብሎ መዝግቦ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘን። የሪፈር ወረቀቱን ያገኘነው በአራተኛው ምልልስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስጀመረውና አገራችንም የተቀበለችው ኤም ኤች ጋፕ የተባለው መርሐ ግብር የታሰበው ለዚሁ ክፍተት ነበር፤ የጤና ጣቢያው ነርስና ጤና መኮንን ድብርትን፣ የሚጥል በሽታንና እንደ አክስቴ ልጅ ያለውን ሕመም ለይተው እንዲያክሙ፣ የከበደባቸውን ብቻ ወደ ስፔሻሊስት እንዲልኩ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ሁሉንም ታማሚ ስፔሻሊስት እንዲያየው መጠበቅ አያዋጣም። ይሁን እንጂ የሠለጠነው ነርስ ተተኪ ሳይዘጋጅለት የሚዛወር ከሆነ ሥልጠናው በአንድ ሰው እግር ይወጣል። በየጤና ጣቢያው ቢያንስ ሁለት ሰው ሠልጥኖ ቢመደብ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ስለ ክትባቱ ሲጠይቁ ስለ እንቅልፍና ከሰው ስለ መሸሽ ጭምር ቢጠይቁ፣ ከስምንቱ ወር አብዛኛው ይተርፍልን ነበር።

ክትትሉም እንደዚያው ነው። የአክስቴ ልጅ ዛሬ ደህና ነው፤ ሥራም ጀምሯል። በየወሩ የሚወጋው መርፌ አምስት ደቂቃ በማያስኬደው ጤና ጣቢያ ስለማይሰጥ ግን በየወሩ ከአለቃው ፈቃድ ይጠይቃል። ምክንያቱን መናገር ስለማይፈልግ «ጥርሴን» ይላል፤ አለቃውም ጥሩ የጥርስ ሐኪም ሊጠቁመው ፈልጎ ሰሞኑን ስልክ ሰጥቶታል።