ጋሼ የቀዱት ፊደል

ጋሼ ሚዛን ላይ ከቆሙ ማንም አያናግራቸውም። ማንም ያወጣው ሕግ አይደለም፤ ግን ሁላችንም እናከብረዋለን። ለታዳጊ አሳማዎች በምናዘጋጀው ፕሪሚክስ፣ ማለትም መኖ ላይ በሚጨመረው የቪታሚንና የማዕድን ድብልቅ ውስጥ፣ ቪታሚኖቹ የሚመዘኑት በግራም ነው። መኖው የሚበላው ደግሞ በቶን ነው። ሚዛኑ ላይ የተፈጠረ ስህተት መቶ ቶን ድረስ ተከትሎ ይሄዳል።

የዚያን ቀን ግን ራሳቸው ጠሩኝ።

“ልጄ፣ እስኪ ና። ይሄ ካርቶን ካለፈው ይለያል።”

“በምን ጋሼ?”

“ጽሑፉ ሲጀምር አንድ ፊደል ነበር። አሁን ሁለት ሆኗል።”

ጋሼ የእንግሊዝኛ ፊደል አያነቡም። ቅርጹን ግን ያውቁታል። ኪሳቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር አለች። አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር የካርቶኑን ጽሑፍ እንደ ሥዕል እያዩ ይቀዱባታል። ከጎኑ ቀኑን ይጽፋሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ነጭ ዱቄት ከነጭ ዱቄት በዓይን አይለይም፤ የሚለየው ጽሑፉ ብቻ ነው ብለው ያምናሉ።

ካርቶኑን አየሁት። በፊት “ዲ ካልሲየም ፓንቶቴኔት” ይል ነበር። አሁን “ዲኤል ካልሲየም ፓንቶቴኔት” ይላል።

“ምንም አይደለም ጋሼ” አልኳቸው። “ቪታሚን ኢ ላይም እኮ ዲኤል ይላል። ስንት ዓመት ስንጠቀምበት!”

ያልኩት ስለ ቪታሚን ኢ ትክክል ነበር። ቪታሚን ኢ ለመኖ በብዛት የሚገዛው በዲኤል መልኩ ነው። 1 ሚሊግራሙ እንደ 1 ዓለም አቀፍ ዩኒት (የቪታሚን መለኪያ) ይቆጠራል፤ ቀመሩም የሚሠራው ይህን ይዞ ነው። ዓይኔ ያን ፊደል ለምዶት ነበር። የለመድኩትን ነገር ወስጄ ሌላ ዕቃ ላይ ለጠፍኩት።

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉ። ደብተሯን አዩ፣ ካርቶኑን አዩ። “አንተ ካልክ እሺ” ብለው ወደ ሚዛናቸው ዞሩ። ያቺ “አንተ ካልክ” እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ፓንቶቴኒክ አሲድ ከቢ ቪታሚኖች አንዱ ነው። ሰውነት ከስብና ከስታርች ጉልበት ሲያወጣ ያለ እሱ አይሆንለትም። ከ25 እስከ 50 ኪሎ ያለ አሳማ በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ 8 ሚሊግራም ገደማ ያስፈልገዋል። ለመኖ የሚሸጠው ከካልሲየም ጋር ተያይዞ ነው። ሞለኪውሉ ደግሞ እንደ ሰው እጅ ቀኝና ግራ አለው። የአሳማው ሰውነት የሚያውቀው ቀኙን ብቻ ነው። ዲ የሚለው ሁሉም ቀኝ ነው። ዲኤል የሚለው ግማሹ ቀኝ፣ ግማሹ ግራ ነው። ስለዚህ ዲኤሉን በዲው ልክ ከመዘንከው የሰጠኸው ቪታሚን ግማሽ ነው። ሚዛኑ ግን ሙሉ ነው ይልሃል።

የእኛ ቀመር በቶን መኖ 10 ግራም ፓንቶቴኒክ አሲድ ይጨምራል። ካልሲየሙም አብሮ ስለሚመዘን፣ በዲው ቢሰላ 11 ግራም ያህል ዱቄት ማለት ነው። አንዱ ዙር ፕሪሚክስ ለ100 ቶን መኖ ስለሚሆን ጋሼ የሚመዝኑት 1 ኪሎ ከ100 ግራም ነው። እሱኑ መዘኑ። አንድ ግራም አላጎደሉም። ለ10 የታሰበው ግን 5 ሆነ።

የዚያን ሰሞን ሌላም ነገር ነበር። ጉልበትና ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ የአራት ወር ፕሪሚክስ ባንዴ እንድናደባልቅ ታዘዝን። ቪታሚኑ፣ መዳቡ፣ ብረቱ፣ ኮሊን ክሎራይዱ ሁሉ አንድ ከረጢት ውስጥ ገባ። ይህን ግን ተቃውሜያለሁ። ኮሊን ክሎራይድ እርጥበት ይስባል። እርጥበት ካለ መዳብና ብረት ቪታሚኖቹን ይበሏቸዋል፤ ቪታሚን ኬ እና ቪታሚን ኤ ቶሎ ይጎዳሉ። ኮሊኑ ለብቻው ይቀመጥ፣ ማዕድኑና ቪታሚኑም በተለያየ ከረጢት ይሁኑ፣ መኖው በሚደባለቅበት ቀን ይገናኙ አልኩ። የተሰጠኝ መልስ “ዞሮ ዞሮ ሆድ ውስጥ ይደባለቅ የለ” የሚል ነበር። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩና ተውኩት። መተው አልነበረብኝም።

ከረጢቶቹ ሙቅ መጋዘን ውስጥ ከረሙ። የመጨረሻዎቹን ከፍተን መመገብ ከጀመርን ከጥቂት ሳምንት በኋላ የእርባታው ልጅ ደወለልኝ።

“ና እይልኝ። አሳማዎቹ እንደ ወታደር መራመድ ጀምረዋል።”

ሄጄ አየሁ። የኋላ እግራቸውን ቀጥ አድርገው ከፍ ያነሱና መሬቱን ይመቱታል። ሁሉም አይደሉም። ከአንዱ ጉረኖ ሦስት፣ ከሌላው አራት። ሌሎቹ ደግሞ ፀጉራቸው ቆሟል፣ ያስቀምጣቸዋል፣ የቀረበላቸውን አይጨርሱም። ሐኪሙ መገጣጠሚያቸውን አየ፣ ኮቴያቸውን አየ። እብጠትም ቁስልም የለም። የካልሲየምና የፎስፈረስ ልኩን መረመርን፤ ደህና ነው። ሐኪሙ ቀና ብሎ “ፓንቶቴኒክ አሲድ ስንት ነው የምታስገቡት?” አለኝ። እንዲህ ያለ አረማመድ በመጽሐፍ ላይ አይቼ አውቃለሁ። ቆሜ ሳየው ግን እጄ ቀዘቀዘ።

በማግሥቱ ስብሰባ ተጠራ። እኔ ገና መዝገቤን እያገላበጥኩ ነው። ዕቃውን የገዛው ክፍል ግን መልሱን ይዞ መጣ። ቀመሩ ትክክል ነው፣ ዕቃው ትክክል ነው፤ ስለዚህ ያጎደለው ሚዛኑ ላይ የቆመው ሰው ነው ተባለ። “ማንበብ የማይችል ሰው ቪታሚን ላይ ማቆም መጀመሪያውኑ ስህተት ነበር” የሚል ቃልም ተጨመረበት። ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ቃል አልተነፈሱም። እኔንም አላዩኝም።

እዚህ ላይ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ነገር። ያቺ ፊደል ስብሰባው መሐል ትዝ ብላኛለች። “ልጄ፣ እስኪ ና” ያሉኝ ሁሉ ፊቴ ላይ መጣ። አፌ ግን አልተከፈተም። መጀመሪያ ላረጋግጥ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ላረጋግጥ ያልኩት ሁለት ቀን ወሰደብኝ። በሁለቱ ቀን መሐል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎ ተሰጣቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሚዛን ክፍል ሄድኩ።

“ጋሼ፣ ደብተሯን ያሳዩኝ።”

አውጥተው ሰጡኝ። ገጾቹን ገለጥኩ። ፊደሎቹ ትንሽ ተንጋደዋል፤ ግን አንድም አልጎደለም። እዚህ ዲ ብቻ። ከዚያ በኋላ ዲኤል። ከጎኑ ቀኑ አለ፤ የአራት ወሩን ፕሪሚክስ ማደባለቅ የጀመርንበት ቀን ነው። ከዕቃ መረከቢያው ጋር ሳስተያየው ልክ ገጠመ። ከዕቃው ጋር የመጣውን የጥራት ወረቀትም አገኘሁት። የቪታሚኑ ይዘት 46 በመቶ ገደማ ይላል። ድሮ በምንገዛው ላይ 92 ነበር። ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ነበር። እኔም ልጠይቀው እችል ነበር፤ አልጠየቅኩም።

“ጋሼ፣ እርስዎ ነግረውኝ ነበር” አልኳቸው።

“ነግሬህ ነበር።”

“ለምን በስብሰባው ላይ አልተናገሩም?”

“አንተ ነህ የተማርከው። አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ።”

አልተቆጡም፣ ድምፃቸውም ከፍ አላለም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ሁሉንም ጽፌ አስገባሁ። የደብተሯን ገጽ ፎቶ አነሳሁ። የመረከቢያውን ኮፒ፣ የጥራት ወረቀቱን፣ የሚዛን መዝገቡን አያያዝኩ። “በጊዜው ተነግሮኝ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ” የሚል ዓረፍተ ነገርም ጻፍኩ። ያንን እንዳወጣው ተመክሬ ነበር። አላወጣሁትም። ስለ መጋዘኑ ሙቀትና ሁሉም አንድ ከረጢት ውስጥ ስለመግባቱም ጻፍኩ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የአንድ ፊደል ብቻ አይደለም። ግማሽ ሆኖ የገባው ቪታሚን እዚያ ከረጢት ውስጥ አራት ወር ከመዳብና ከእርጥበት ጋር ተቀምጧል። ድሮ ቀመሩ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ቀን የምንተወው ትርፍ ነበር። እሱንም ወጪ ለመቀነስ አስቀድመን ቆርጠነዋል።

አዲስ ፕሪሚክስ ሠራን። ዲ እስኪገኝ ድረስ ዲኤሉን 2 ኪሎ ከ200 ግራም አድርገን፣ የጨመርነውን ያህል ከፉርሽካው ቀንሰን። ኮሊኑ ተለየ። ማዕድኑ ተለየ። ከረጢቱ ላይ የተደባለቀበት ቀን ይጻፋል፣ ከወር በላይ የሚቆይ አይዘጋጅም። አሳማዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት መኖአቸውን መጨረስ ጀመሩ። ተቅማጡ ቆመ። የአብዛኞቹ አረማመድ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ተስተካከለ። ሁለቱ ግን እስከ መጨረሻው ያነክሱ ነበር።

ቀመሩ ላይም ዱቄት በግራም መጻፍ ትቻለሁ። የምጽፈው የሚፈለገውን የቪታሚን መጠን ነው። ዱቄቱ ስንት እንደሚሆን የሚሰላው ከእያንዳንዱ ካርቶን የጥራት ወረቀት ተነስቶ ነው፤ ከስሌቱ በታች እኔና ጋሼ ሁለታችንም እንፈርማለን። ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ስለ ሚዛን ጥንቃቄ ሥልጠና እንድሰጥ ስታዘዝ፣ ሥልጠናውን የሰጠሁት ለግዢ ክፍሉም ጭምር እንዲሆን ጠይቄ ነው። ጋሼ ደብተራቸውን ይዘው ከፊት ተቀመጡ። ፊደሎቹን እንዴት እንደሚቀዱ ለልጆቹ ራሳቸው አሳዩ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ግን ከማኅደራቸው አልወጣም። ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ምን አመጣው ይሉኛል። ይነሳ ብዬ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄአለሁ። ሦስተኛውን ትናንት አስገባሁ።