ያለ ጂፒኤስ የቀትር ልኬት

58 ጫማ የምትረዝመው የሸራ ጀልባ ሜይደን በ1989–90 (እ.ኤ.አ.) የዊትብሬድ ውድድር፣ በትሬሲ ኤድዋርድስ መሪነት፣ ሴቶችን ብቻ ይዛ ዓለምን ስትዞር በምድቧ ሁለት ምዕራፎችን አሸነፈች። ከዓመታት በኋላ ሲሸልስ ውስጥ ተጥላ ተገኝታ ታደሰች። በ2023–24 የኦሽን ግሎብ ውድድር ደግሞ፣ ዕድሜዋ ከ40 ካለፈ በኋላ፣ በሄዘር ቶማስ የሚመራው የሴቶች ቡድን እንደ ጀልባዎቹ አቅም በተስተካከለ ሰዓት አንደኛ ወጣባት። እዚያ ጂፒኤስ ክልክል ነበር፤ ቦታ የሚታወቀው በሴክስታንት (ፀሐይ ከአድማስ በላይ ያላትን ማዕዘን በሚለካ የእጅ መሣሪያ)፣ በሰዓትና በወረቀት ካርታ ነበር። እኔም ቀትርን የምለካው በዚሁ ነው።

ቀትር ስል የእጅ ሰዓት 6 ሰዓት ማለቴ አይደለም፤ ፀሐይ ጀልባዋ ባለችበት ቦታ ጣሪያዋን የምትነካበት ቅጽበት ነው።

መጀመሪያ ሴክስታንቱን ዜሮ ላይ አድርጌ አድማሱን አያለሁ። መስመሩ እንደ ደረጃ ከተሰበረ ቀጥ እስኪል ማይክሮሜትሩን (ማዕዘኑን በጥቂቱ የሚያስተካክለውን መዘውር) አዞራለሁ፤ የሚነበበው የመሣሪያው ስህተት ነው። ከግምቱ ቀትር 20 ደቂቃ ቀድሜ ወጥቼ፣ ጥቁሩን መስታወት አስገብቼ፣ የፀሐይን የታች ጠርዝ አድማሱ ላይ አስቀምጣለሁ። ከፍ ስትል እከተላታለሁ፤ መውረድ ስትጀምር እጄን አነሣለሁ። የምፈልገው ትልቁን ንባብ ነው።

ኅዳር አጋማሽ፣ ደቡብ ውቅያኖስ ላይ፣ ንባቡ 65°20′ (65 ዲግሪ ከ20 የማዕዘን ደቂቃ) ነው እንበል። ለመሣሪያው ስህተት 2′፣ ዓይኔ ከውሃው 2.5 ሜትር ከፍ ስለሚል ደግሞ 2.8′ እቀንሳለሁ። ለብርሃን መታጠፍና ለፀሐይ ግማሽ ስፋት 15.8′ እደምራለሁ፤ 65°31′ ይመጣል። ከ90° ሲቀነስ 24°29′። አልማናኩ (የፀሐይን የየዕለቱ ቦታ የሚሰጠው የሠንጠረዥ መጽሐፍ) ፀሐይን 21°10′ ደቡብ ላይ ካስቀመጣት ሁለቱ ይደመራሉ፤ ኬክሮሳችን 45°39′ ደቡብ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ስሌቱ ሳይሆን ማዕበሉ ነው። ጀልባዋ ሸለቆው ውስጥ ሳለች የቅርቡ ማዕበል ጫፍ አድማስ ይመስላል፤ ፀሐይ ዝቅ ብላ ትነበባለች፣ እኛም ካለንበት ይልቅ ወደ ደቡብ የሄድን ይመስለናል። 10′ መሳት 10 የባሕር ማይል ነው። ስለዚህ የማነበው ማዕበሉ አናት ላይ ስንወጣ ብቻ ነው፤ አንድ እጅ ለራስ፣ ወገብ በገመድ ታስሮ።

ኬንትሮስ የሰዓት ጉዳይ ነው። ሰዓቱ በ4 ሴኮንድ ካበለ 1′ ይስታል፤ በአንድ ደቂቃ ካበለ ደግሞ በዚያ ኬክሮስ 10 ማይል ያህል። ሰዓቱን በየቀኑ በሬዲዮ ምልክት አመሳክሬ ልዩነቱን እጽፋለሁ እንጂ መቁጠሪያውን አልነካም።

ሲያልቅ መስታወቶቹን በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ነው፤ ጨው ከቆየባቸው የጀርባውን ብር ይበላዋል።