የጃፓን ተዋጊዎች እንዴት ገዢ ሆኑ? ሩዙን ስከተል ነው የገባኝ

የጥንት ጃፓንን ታሪክ ለብቻዬ ማንበብ ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ሰሞኑን አንቆ ይዞኝ የነበረ ጥያቄ ስለተፈታልኝ ደስታዬን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያው ብዙ አያስቸግርም (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከ645 በኋላ መሬት ሁሉ የንጉሠ ነገሥቱ ነው ተባለ። በ743 ደግሞ አዲስ መሬት ያቀና ለዘለቄታው እንዲይዘው ተፈቀደ። በ792 በአብዛኛው አገር ገበሬን ለውትድርና መመልመል ቀረ፤ ጸጥታው ቀስ በቀስ ፈረስና ቀስት ባላቸው የክፍለ ሀገር ቤተሰቦች እጅ ገባ።

የቸገረኝ ከ1185 ወዲህ ያለው ነው። የተዋጊ ቤተሰብ መሪ የነበረው የሚናሞቶ ኖ ዮሪቶሞ ጦር ተቀናቃኞቹን ታይራዎችን በዳን ኖ ኡራ የባሕር ውጊያ ደመሰሰ፤ ዮሪቶሞ ግን ዙፋን አልፈለገም። ካማኩራ ከተማ ተቀምጦ በ1192 ሾጉን (የጦር የበላይ አዛዥ) ተባለ። ንጉሠ ነገሥቱም፣ መኳንንቱም፣ የቡድሃ ገዳማቱም ገቢያቸውን እየበሉ ቀጠሉ። ታዲያ ገዢው ማነው?

መልሱን ያገኘሁት ጦርነቶቹን ትቼ አንድ ርስት ላይ ሩዙ ለማን ለማን እንደሚሄድ በወረቀት ስስል ነው። ሾኤን በሚባለው ርስት ላይ ባለመብቱ ብዙ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ከተማ ኪዮቶ ያለው ጌታ፣ አስተዳዳሪው፣ ገበሬው፣ ሁሉም ከዚያው ምርት ይካፈላሉ። ጉልትን የሚያውቅ አንባቢ ቶሎ ይገባዋል። ዮሪቶሞ እዚህ መሃል ጂቶ የሚባል የራሱን ሰው አስገባ። ጂቶው ግብር ይሰበስባል፣ ጸጥታ ያስከብራል፣ የርስቱ ጌታ ግን ሊሽረው አይችልም፤ ሿሚውም ሻሪውም ካማኩራ ነው። ቁልፉ ይሄ ነው!

በ1221 ዙፋኑን የለቀቀው ንጉሠ ነገሥት ጎ ቶባ ካማኩራን ሊያጠፋ ተነስቶ ተሸነፈ፤ ወደ ኦኪ ደሴት ተጋዘ። በደጋፊዎቹ መሬት ላይ አዳዲስ ጂቶዎች ተሾሙ። በ1223 ድርሻቸው ሲወሰን ከየ11 ቾ (የመሬት ስፋት መለኪያ) የ1 ቾው ምርት የጂቶው ሆነ፤ በዚያ ላይ ከየታኑ (የቾ አንድ አስረኛ) 5 ሾ (የእህል መስፈሪያ) ሩዝ ይጨመርለታል።

ይህ ታች ገበሬው ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ አቴጋዋ የሚባለውን ርስት አቤቱታ ፈልጉ። በ1275 የኪ ክፍለ ሀገር ገበሬዎች በ13 ነጥብ የጻፉት ነው። ለጌታችን የሚገባውን እንጨት ያላደረስነው ጂቶው ለራሱ ሥራ እየወሰደን ነው ይላሉ። የሸሹትን ሰዎች ማሳ ካልዘራችሁ የሴቶቻችሁን ጆሮና አፍንጫ እቆርጣለሁ፣ ጸጉራቸውን ላጭቼ መነኩሲት አስመስላቸዋለሁ ብሎ እንደዛተባቸውም ጽፈዋል። ይህን ሳነብ ዘገነነኝ።

ለጀማሪ የምመክረው፣ የሰይፍና የክብር ቪዲዮዎችን ለጊዜው ተዉአቸው። አንድ ርስት ምረጡና ተከታተሉ። ስሞችን መሸምደድ ላይ ግን ምክር የለኝም፤ ከዮሪቶሞ በኋላ ካማኩራ ላይ ሥልጣን የያዙት ሆጆዎች እስካሁን ይምታቱብኛል።

አሁን የያዝኩት ካማኩራ በ1232 ያወጣውን ባለ 51 አንቀጽ ሕግ ነው። አንቀጽ 5 ግብር ያስቀረ ጂቶ፣ ጌታው ከከሰሰ ሂሳቡ ተጣርቶ ይክፈል፣ እምቢ ካለ ይሻር ይላል። የኪዮቶ ጌታ ለተዋጊዎች ፍርድ ቤት አቤት የሚልበት ዘመን መጥቷል ማለት ነው። በዚህ ላይ ያነበባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።