ሰማንያውና ተክሊሉ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ ሜሪላንድ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አረጋውያን የፊልም ንግግሮችን በአማርኛ እየተረጎምሁ ከሥዕሉ ግርጌ የሚነበብ ጽሑፍ አዘጋጅ ነበር። በዚያ ሥራ ላይ ሳለሁ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ 2» ደረሰኝ። ድርሰቱ የኒያ ቫርዳሎስ፣ ዝግጅቱ የከርክ ጆንስ ሲሆን፣ በቺካጎ ስለሚኖር የግሪክ ስደተኞች ቤተሰብ የሚተርክ አስቂኝ የፍቅር ፊልም ነው። አባትየው ገስ ዘሩ ከታላቁ እስክንድር እንደሚመዘዝ ለማረጋገጥ ሲደክም፣ ከ50 ዓመት በፊት ከባለቤቱ ጋር የተጋቡበት ወረቀት ላይ ቄሱ እንዳልፈረሙበት ይደርስበታል። ባለቤቱ ማሪያ ደግሞ በወግ ሳይጠይቃት ዳግመኛ እንደማታገባው ትናገራለች፤ ዘመድ አዝማዱም ሁሉ በነገሩ ገብቶ ቤቱ ይታመሳል።

ይህን ሥራ ከልቤ ወድጄው ነበር። የጎረቤት ያህል ተቀራርበው የሚኖሩት፣ ሳይጠሩ የሚመጡት፣ በልጃቸው ትዳር ላይ ያለ ገደብ አስተያየት የሚሰጡት እነዚያ ግሪኮች የራሳችንን ሰዎች ስለሚያስታውሱኝ፣ አማርኛውም የቤታችን አማርኛ እንዲሆን ተጨነቅሁ። በግርጌ ጽሑፍ ሥራ ተርጓሚው ያለው ቦታ ሁለት መስመር፣ ያለው ጊዜም ጥቂት ሰከንድ ነውና ማብራሪያ ማስገባት አይቻልም፤ አንድ ቃል ብቻውን ሙሉ ሐሳቡን መሸከም አለበት። በዚህም ምክንያት የጋብቻውን ወረቀት «ሰማንያ» አልሁት። የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሪባን የተያያዙ ሁለት አክሊሎችን በሙሽሮች ራስ ላይ ሦስት ጊዜ እያፈራረቀች የምታጋባ በመሆኗም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሠርግ «ተክሊል» ብዬ ተረጎምሁት። ሁለቱን ቃላት ባገኘሁበት ምሽት ከዚህ የተሻለ እንደማይገኝ አምኜ ነበር።

ፊልሙን ለሙከራ ያየነው ከስድስት እናቶችና ከሁለት አባቶች ጋር ነው። ይስቃሉ ብዬ በጠበቅሁባቸው ቦታዎች ሁሉ በአክብሮት ዝም ብለው ተመለከቱ፤ አንዳንዶቹም ከንፈራቸውን ይመጡ ነበር። በመጨረሻ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት እናት፣ «ልጄ፣ ከሰማንያ ወደ ቁርባን ማለፋቸው መልካም ነው። ነገር ግን የልጅ ልጅ ላዩ ሰዎች ተክሊል ከየት መጣ? ደግሞስ ለቁርባን የተዘጋጀች ሴት ስለ ምን ለምነኝ ትላለች?» ብለው ጠየቁኝ።

ያን ጊዜ የሠራሁት ስሕተት ተገለጠልኝ። ሰማንያ በምስክሮች ፊት የሚፈጸም ውል እንጂ በቄስ ፊርማ የሚጸና አይደለም፤ ተክሊልም በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በድንግልና ለቆዩ የሚፈጸም ነው። በሌላ በኩል ለብዙ ዘመን በሰማንያ የኖሩ ባልና ሚስት በስተርጅና ሥጋ ወደሙ ተቀብለው ትዳራቸውን በቁርባን ማጽናታቸው በአገራችን የታወቀና የተከበረ ነገር ነው። ስለዚህ ተመልካቾቼ በእኔ ቃላት ተመርተው የተመለከቱት ነፍሳቸውን የሚያዘጋጁ የሁለት አረጋውያንን ታሪክ እንጂ፣ ባልተፈረመ ወረቀት ሰበብ ዳግመኛ ስለመፈቀር የምትሟገትን ሚስት አልነበረም። እንግዳ ቃል ብጠቀም ኖሮ አንድ አፍታ ግር ይላቸውና ያልፉት ነበር፤ እኔ ግን በሚገባ የሚያውቋቸውን ቃላት በመስጠቴ ወደ ሌላ ታሪክ ወሰድኋቸው።

ሁለት ሌሊት ተቀምጬ ጽሑፉን ከመጀመሪያው አስተካከልሁት። ሰማንያው «የጋብቻ ወረቀት»፣ ተክሊሉ «የቤተ ክርስቲያን ሠርግ» ሆነ፤ ወሳኙንም ሐሳብ «ቄሱ አልፈረሙም፤ ስለዚህ አልተጋባንም» በሚል ግልጽ ዓረፍተ ነገር አስቀመጥሁት። ከዚያ ወዲህ ለወግና ለሥርዓት የሚውል ቃል ስመርጥ፣ ሥርዓቱን የኖሩበት ሰዎች ሳያዩት ሥራውን አላስረክብም።

በሳምንቱ ያንኑ ፊልም ዳግመኛ አሳየኋቸው። ገና ስለ ፊርማው ሲነገር ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ማሪያ በወግ ጠይቀኝ ባለችበት ቦታ ላይ ግን እኚያ እናት እጃቸውን አንሥተው እንዳቆመው ጠየቁኝ። «እኔ ሳገባ ሽማግሌ የተላከው ወደ አባቴ ነው፤ እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አሉና፣ ያን ክፍል እንደገና እንድከፍትላቸው ለመኑኝ።