ሁዳዴ ላይ ዳንግላ ስገባ

ዘንድሮ ዳንግላ፣ እናቴ ቤት የገባሁት በሁዳዴ ነው። ከፋሲካ በኋላ የሚተርፈኝ አራት ቀን ብቻ ነበር። ለእማዬ ብዬ ስልኬ ላይ አልበሞች ጭኛለሁ። ገና በመጣሁ ማግስት የዘፋኟን የጂጂን ስከፍት፣ «አይ ልጄ፣ ጾም አይደል እንዴ?» አለችኝ። ዘጋሁት።

ዋሽንግተን ሌሊት ታክሲ ስነዳ የሚያነጋልኝ የኃይሉ መርጊያ አልበም ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 እዚያው አሜሪካ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራው ካሴት ነው። በ2013 እንደገና ሲታተም እሱ ራሱ ታክሲ ይነዳ ነበር። ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ሁሌ እሱን አስባለሁ። እሱም ለፋሲካ ይቆይ አልኩ።

ለጾሙ የዓለሙ አጋ በገና ነበረኝ፤ «ኢትዮፒክስ» ከሚባሉት ተከታታይ አልበሞች 11ኛው። ከተማው ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በአሥሩ አውታሮች ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ድምፁን ስታንዘረዝረው ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ያለፈ አላስተዋልኩም። እማዬ ግን እንዝርቷን አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ያን አልበም መንገድ ለመንገድ መስማቴ ቆጨኝ። ተቀምጠው የሚሰሙት ነው።

የፋሲካ ማግስት ቡና ተፈላ። ጂጂ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣችውን አልበም ከፈትኩ። ቢል ላስዌል ያቀናበረው፣ እንደ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ያሉ የጃዝ ዝነኞች የተጫወቱበት ነው። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም። ልጅቷ የቻግኒ ልጅ መሆኗን ብቻ ነገርኳት። ቻግኒ ለእኛ ጎረቤት ናት።

«ይቺስ የቄስ ዜማ አላት» አለች ትንሽ ሰምታ።

እውነቷን ነው። ጂጂ በልጅነቷ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ቤታቸው ከሚመጡ ቄስ ተምራለች። እማዬ ይህን ከየት አወቀችው? በጆሮዋ ነው።

«ዓባይ» የሚለው ዘፈን ሲመጣ ስኒውን እንደያዘች ቀረች። «ግሽ ዓባይ ጸበል የወሰድኩህ ትዝ ይልሃል? ብርዱ አስለቅሶህ፣ በጀርባዬ አዝዬህ ወጣሁ።» ትዝ አይለኝም። መንገዱን፣ አብረዋት የሄዱትን፣ የተቋጠረውን ስንቅ ሁሉ አንድ በአንድ አወራችልኝ። በረካው ቀዘቀዘ። አልበሙም አለቀ።

በማግስቱ ጠዋት፣ «ያቺን የቻግኒዋን ክፈታት» አለችኝ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በአራተኛውም። የኃይሉ ተራ ሳይደርስ የእኔ መሄጃ ደረሰ።