መንፈሳዊ ልብ ወለድ ከየት ይጀመር?

ዛሬ በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር የመጻሕፍት ወሬ ደርቶ ነበር። «መንፈሳዊ ልብ ወለድ ከየት እንጀምር?» ለምትሉ፦ ፍቅርን ከታሪክ ጋር የምትወዱ የፍራንሲን ሪቨርስን ሦስት ተከታታይ መጻሕፍት አስቀድሙ። የመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ኤ ቮይስ ኢን ዘ ዊንድ»፣ ኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ70 ስትወድቅ ተማርካ በሮም ባሪያ የሆነችውን ሀደሳን ይከተላል (ስሟ የአስቴር የዕብራይስጥ ስም ነው)። አደራ፣ ሁለተኛውን አስቀድማችሁ እንዳትገልጡ! የመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ነገር እዚያ ይፈታና ጣዕሙ ይጠፋል። ሦስተኛው የግላዲያተሩ (ለሕዝብ ትርኢት የሚፋለመው ተዋጊ) የአትሬቲስ ታሪክ ስለሆነ ሀደሳን ፍለጋ የገባ ቅር ይለዋል።

ልብ አንጠልጣይ ለሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፍራንክ ፔሬቲ «ዚስ ፕረዘንት ዳርክነስ» አለ። መላእክትና አጋንንት በአንዲት ትንሽ ከተማ ላይ ይዋጋሉ። ገጸ ባሕርያቱ ስለሚበዙ ስማቸውን ብጣሽ ወረቀት ላይ ያዙ፤ አለዚያ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋችሁና መሐል ላይ ትተዉታላችሁ።