«የተረጋገጠ»

ጥር 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። በማግስቱ ከተራ ነው፤ በዚያ ሳምንት ጎንደር ውስጥ አልጋ ማግኘት ዘመድ ለሌለው ሰው ጭንቅ ነው። የደዋዩ ድምፅ የወጣት ነው፤ ቁጣ የለበትም። «ወንድሜ፣ ማውጫችሁ ላይ ያለውን ፔንሲዮን ብለን መጥተን ነበር። ባጃጁ በሩ ላይ አውርዶን ሄደ። ቤቱ ግን ወፍጮ ቤት ነው» አለኝ።

በዚያን ጊዜ የምሠራው የጎንደርንና የአካባቢዋን ድርጅቶች በሚመዘግብ የድረ ገጽ ማውጫ ውስጥ ነበር። ሆቴሉን፣ ፔንሲዮኑን፣ መድኃኒት ቤቱን፣ አስጎብኚውንና ጋራዡን በየዘርፉ እንለያለን፤ ድረ ገጽ ያለውን ከድረ ገጹ ጋር እናገናኛለን፣ የሌለውን በስልኩና በአድራሻው እናስቀምጣለን። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መመዝገቡም፣ ማረሙም፣ ማስተዋወቁም የእኔ ሥራ ነበር።

ስደርስ ሽማግሌው አባት በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ፣ ዱቄት በነጣው ደረጃ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ትልቅ የራጅ ፖስታ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ከደባርቅ መምጣታቸው ነው፤ ጠዋት የሆስፒታል ቀጠሮ አላቸው። የጥር ብርድ ጎንደር ላይ እንዴት እንደሚቆረጥም የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጃቸው ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ከፔንሲዮኑ ስም ጎን አረንጓዴ ምልክት አለ፤ ከሥሩ «የተረጋገጠ» ይላል። «ይህን አይተን ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አልተናገረም።

ያንን ምልክት ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። ኅዳር ላይ ለጥምቀት እንግዶች የሚበተን ወረቀት ስናሳትም «ከ2,000 በላይ የተረጋገጡ ድርጅቶች» ብለን ጻፍን። ወረቀቱ ከገጹ ጋር እንዲስማማ ብዬ ዝርዝሩን በሙሉ መርጬ ለሁሉም በአንድ ትእዛዝ ምልክቱን ሰጠኋቸው። ዐሥር ሰከንድ እንኳ አልፈጀብኝም። አንዱንም በር አላንኳኳሁም።

አባትና ልጁን እናቴ ቤት ወሰድኋቸው። ሽማግሌው ከመተኛታቸው በፊት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። አሜን ለማለት አንደበቴ ተያዘ።

በማግስቱ ከተማው ታቦታቱን ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ለመሸኘት ሲወጣ እኔ ቢሮ ገብቼ አንድ ነገር መመርመር ጀመርሁ። በየሳምንቱ ሊንኮቻችንን የሚጎበኝ ፕሮግራም ነበረን፤ ገጹ ካልተከፈተለት ወይም 404 የሚል፣ «ገጹ የለም» ማለት የሆነ መልስ ካገኘ ያስታውቀናል። ይህን ፔንሲዮን ለምን አለፈው? ምክንያቱ ቀላል ነበር። ባለቤቱ ቤቱን ክረምት ላይ ዘግተዋል፤ የድረ ገጹ ክፍያ ግን ገና አላለቀም። ፎቶግራፉ፣ ዋጋው፣ «እንኳን ደኅና መጡ» የሚለው ጽሑፍ ሁሉ በቦታው አለ። ድረ ገጹ በሕይወት ነበረ፤ ቤቱ ነው የሌለው። ይህን የትኛውም ፕሮግራም ከጠረጴዛ ላይ ሆኖ አያየውም። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረውና በበጎ ፈቃደኛ አርታኢዎች ይመራ የነበረው ዲሞዝ የተባለ የድረ ገጾች ማውጫ እንኳ የሞቱ ሊንኮችን እየፈለገ የሚያገኝ ሮቦዚላ የተባለ ፕሮግራም ነበረው። ከ3 ሚሊዮን በላይ ድረ ገጾች የመዘገበው ይህ ማውጫ እ.ኤ.አ. በ2017 እስኪዘጋ ድረስ ግን ማሽኑ የማያየውን የሚያይ ሰው ያስፈልገው ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ለባለቤቱ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ምልክቱ በሙሉ ይነሣ፣ በእግራችን ሄደን ያላየነው ከዝርዝሩ ይውጣ አልኋቸው። ደነገጡ። «ቁጥሩ እኮ ነው ማስታወቂያችን። ከ2,000 ወርደን ምን ይዘን እንቀርባለን?» አሉ። «ጋሼ፣ እርስዎ ሲያስተምሩ ያላረሙት ወረቀት ላይ ማርክ ይሞሉ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «አዘዞን እኔ እይዛለሁ» አሉና ተነሡ።

ሦስት ወር ዞርን። ፒያሳን፣ ማራኪን፣ ቅዳሜ ገበያን እኔ፤ አዘዞን እርሳቸው። የተዘጋው፣ የተዛወረው፣ ከመጀመሪያውም ያልነበረው ብዙ ነው። የሚያሳፍረው ግን ሁለትና ሦስት ጊዜ የተመዘገበው ነበር። ፊደላችን ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ እያለ በድምፅ አንድ የሆኑትን በብዙ መልክ ይጽፋል። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። ከተማችን ራሷ «ጎንደር» እና «ጐንደር» ተብላ ትጻፍ የለምን? እኛም አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ እየቆጠርን በቁጥራችን ስንኮራ ኖረናል። ባለቤቶቹ የመረጡት አጻጻፍ ለዓይን እንዲታይ፣ ፍለጋው ግን ሞክሼዎቹን ፊደላት አንድ አድርጎ እንዲያነብ አደረግን። የሚፈልገው ሰው በየትኛውም «ሐ» ቢጽፍ እንዲያገኝ ማለት ነው። ዞረን ስንጨርስ ዝርዝሩ ከ700 በታች ሆነ።

የማስተዋወቁንም ነገር እንደገና አሰብነው። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት በጉግል ፍለጋ ከፍ ብለን እንድንታይ ከአንድ ሻጭ በጅምላ 500 ሊንክ ገዝተን ነበር፤ ማንም የማያነባቸው ገጾች ላይ ስማችን ተለጠፈ፣ አንድ ደንበኛ አላመጣልንም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2012 ፔንግዊን የተባለውን የፍለጋ ማስተካከያ ያወጣው እንዲህ ያለውን የሊንክ ንግድ ለመግታት ነው። በመመሪያው ላይ መጥፎ የሊንክ ዘዴ ብሎ ከሚዘረዝራቸው መካከል ጥራት የሌላቸው ማውጫዎች ሊንክ አንዱ መሆኑን ሳነብ፣ ስለ እኛ የተጻፈ መሰለኝ።

ክፍያውንም ለወጥን። ቀድሞ የከፈለ ሁሉ ይገባ ነበር። ያሁ ማውጫ በነበረው ዘመን ከንግድ ድረ ገጾች 299 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ግን አርታኢው ገጹን እንዲመረምር ነው እንጂ እንዲመዘገብ አይደለም፤ ካልተቀበሉት ገንዘቡ አይመለስም። እኛም የጉዞና የምርመራ ብቻ ማስከፈል ጀመርን። ከፍለው ያልተመዘገቡ ተቆጡን። አንዱ ባለ ሆቴል በር ላይ ሰድበውኛል። የገላ መታጠቢያው ውኃ አይወርድም፣ «24 ሰዓት ሙቅ ውኃ» ብለህ ጻፍልኝ ይላሉ። አልጻፍሁም፤ ዛሬም ቢሆን አልጽፍም።

ከሁሉ የጠቀመን መግለጫዎቹን ራሳችን መጻፋችን ነው። «ምርጥ መስተንግዶ»፣ «ተወዳዳሪ የሌለው አገልግሎት» የሚሉትን ሁሉ ሰረዝን። ሰው ቤት በመንገድ ስምና በቁጥር አይፈልግም፤ በዛፉ፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በወፍጮው ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ እንዲህ ስንል ጻፍን፦ «ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ፣ ሰማያዊ የብረት በር። 9 ክፍል። ሙቅ ውኃ ጠዋት ብቻ። ደረጃ የለውም፤ ለአረጋውያን ይመቻል። ጥበቃው ሌሊት ይከፍታሉ።» ይህን የጻፍሁት ያን ሌሊት ሳናየው ያለፍነውን፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለውን ፔንሲዮን ደርሼ ካየሁ በኋላ ነው። «የተረጋገጠ» የሚለው ቃል ከገጹ ጠፋ፤ በቦታው «ደርሰን ያየነው» የሚልና ቀኑን የያዘ መስመር ገባ።

ወረቀት መበተን አቆምን። የባጃጅ ሾፌሮች መግለጫችንን ስልካቸው ላይ እያነበቡ እንግዳ ያደርሱ ጀመር፤ ቤቱን አንድ ጊዜ በትክክል ካገኙት ሁለተኛ አይጠራጠሩም። በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ወደ እኛ ሊንክ ያስቀመጡ ባለ ፔንሲዮኖችም መጡ፤ አንዳቸውንም አልለመንንም፣ አንድ ብር አልከፈልንም።

በዓመቱ ጥር ሲገባ ያ ወጣት ደወለ። አባቱ ለክትትል ሊመጡ ነው። «ሰማያዊው በር ያለው ቤት ጥሩ መስሎኛል፤ ያያችሁት ግን ኅዳር 14 ነው ይላል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ጠብቀኝ አልሁትና ጃኬቴን ለብሼ ወጣሁ። በሩን አንኳኳሁ፤ ጥበቃው ከፈቱልኝ። አንዲት ክፍል አሳዩኝ፣ አልጋው ላይ ሁለት ብርድ ልብስ አለ። እዚያው ቆሜ መልሼ ደወልሁለት።